ክሎሪን በቤታችን፦ ጥቅሙ፣ ጉዳቱና አያያዙ



በጎንደር ገጠር እናቶቻችን ልብስ የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር። ከተማ የኖረ ሰው ደግሞ በረኪናን ያውቃል። እዚህ እስራኤል ኤኮኖሚካ የምንለው ያው በረኪና ነው። የቂርያት ጋት ሙቀት ሲበረታ ግን ሌላ ዓይነት ክሎሪንም ወደ ቤት ይገባል፤ ለልጆች መዋኛ ገንዳ ተብሎ የሚገዛው ዱቄት ወይም እንክብል። ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው፤ ጉልበታቸው ግን አንድ አይደለም።

ልዩነቱ ምንድን ነው?

ክሎሪን በውሃ ውስጥ ያሉ ጀርሞችን ይገድላል። በኤኮኖሚካ ውስጥ ያለው መጠን ከ3 እስከ 5 በመቶ ገደማ ነው። ካልሲየም ሃይፖክሎራይት የሚባለው የገንዳ ዱቄት ግን 65 በመቶና ከዚያ በላይ፣ ትራይክሎር የሚባለው እንክብል ደግሞ ወደ 90 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ «በረኪና ለምጃለሁ» ብሎ በባዶ እጅ መንካት አይገባም።

አደጋው ከየት ይመጣል?

ዋናው አደጋ መቀላቀል ነው። ክሎሪን ከአሲድ ጋር፣ ለምሳሌ ከአቫኒት ማስለቀቂያ ወይም ከሆምጣጤ ጋር ሲገናኝ መርዛም ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ በ1915 በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮችን ለመግደል ያገለገለው ነው። ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፤ ቀድሞ የሚያገኘውም ሕፃናትንና ጎንበስ ብሎ ወለል የሚፈትገውን ሰው ነው። ከአሞኒያ ጋርም ሌላ መርዛም ጋዝ ይፈጥራል። ሁለት ዓይነት የገንዳ ክሎሪን በአንድ ዕቃ ቢቀላቀል ደግሞ ሊቀጣጠል ወይም ሊፈነዳ ይችላል።

እንዴት እንያዘው?

1. ከመጣበት ዕቃ አያውጡት። በውሃ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ የተቀመጠ ክሎሪን የተጠማ ልጅ ወይም አያት ይጠጣዋል። እንክብሉም ለሕፃን ከረሜላ ይመስለዋል።
2. ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ፣ ቁልፍ ባለው ቁም ሣጥን ያስቀምጡት። ዕብራይስጥ ለማያነብ ሰው በዕቃው ላይ ያለው ጽሑፍ አይጠብቀውም፤ የሚጠብቀው ቁልፉ ነው።
3. ሁልጊዜ ክሎሪኑን ወደ ውሃ ይጨምሩ፤ ውሃውን በክሎሪኑ ላይ ፈጽሞ አያፍስሱ።
4. ጓንት ያድርጉ፤ መስኮትና በር ይክፈቱ።
5. ለትንሿ የፕላስቲክ ገንዳ ክሎሪን አያስፈልግም። ውሃውን በየቀኑ ይድፉ፣ ገንዳውን አጥበው ያድርቁ። ባዶ ገንዳ ሕፃንን ከመስጠምም ያድናል።

አደጋ ቢደርስስ?

• ጋዙን የተነፈሰ ሰው ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ። መተንፈስ ካስቸገረው 101 ይደውሉ። የትንፋሽ ችግር ከሰዓታት በኋላም ሊመጣ ስለሚችል «አለፈልኝ» ብለው አይዘናጉ።
• ዓይን ወይም ቆዳ ከነካ በሚወርድ ውሃ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይጠቡ።
• የዋጠውን ሰው አያስመልሱት። «ወተት የመርዝ ማርከሻ ነው» ብለውም ባለሙያ ሳይጠይቁ አያጠጡት። አፉን አጉመጥምጠው በሐይፋ ራምባም ሆስፒታል ወዳለው የመርዝ መረጃ ማዕከል፣ 04-7771900፣ ይደውሉ። ቀንና ሌሊት ይመልሳሉ።

ወደ ሐኪም ሲሄዱ ዕቃውን ይዘው ይሂዱ። ቋንቋ ቢያስቸግርዎ እንኳ ሐኪሙ ምን እንደሆነ ከዕቃው ላይ ያነባል። ሁለቱን ስልክ ቁጥሮች ዛሬውኑ ጽፈው ማቀዝቀዣው ላይ ይለጥፉ፤ ለልጆችዎም ያሳዩአቸው።