ዝም ያለ ሽቦ ምን ይላል?

እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች የኤሌክትሪክ ነገር ሲነሣ «ይህስ የኢንጂነሮቹ ነው» ብለን ማለፍ ለምደናል። ዳሩ ግን ከዚሁ ትምህርት ለሁላችንም የሚበጅ አንድ ቁም ነገር ስላገኘን ለአንባቢ ልናካፍል ወደድን።

ጥያቄው ይህ ነው፤ በሐዲድ ላይ ባቡር መኖሩን ሰው በዐይኑ ሳያይ በኤሌክትሪክ እንዴት ማወቅ ይቻላል? አሜሪካዊው ዊልያም ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1870 ያሳየው ዘዴ ባቡር ሲመጣ ኮረንቲ እንዲፈስና የአደጋ ምልክት እንዲታይ የሚያደርግ ነበር። ኮረንቲ ከሌለ መንገዱ ነጻ ነው ማለት ነው። ታዲያ ሽቦው ቢበጠስ ወይም ባትሪው ቢደክምስ? ባቡር በፊት ቆሞ ሳለ ምልክቱ ለሚከተለው ባቡር «እለፍ» ይለዋል!

ሮቢንሰን ጉድለቱን ተረድቶ ነገሩን ገለበጠው፤ በ1872ም የፈጠራ መብት አገኘበት። ሐዲዱን በክፍል በክፍል ለይቶ፣ በየክፍሉ አንድ ጫፍ ባትሪ፣ በሌላው ጫፍ ሪሌይ አገናኘ። ሪሌይ ማለት ጥቂት ኮረንቲ ሲያገኝ ብረት ስቦ ሌላ መስመር የሚከፍትና የሚዘጋ ኤሌክትሮማግኔት ነው። መንገዱ ባዶ ሲሆን ኮረንቲው በአንዱ ሐዲድ ሄዶ፣ በሪሌዩ አልፎ፣ በሌላው ሐዲድ ይመለሳል፤ ሪሌዩ ብረቱን እንደ ሳበ ይቆያል፤ ምልክቱም «እለፍ» ይላል። ባቡር ሲገባ ግን መንኰራኵሮቹና ዘንጋቸው ሁለቱን ሐዲዶች ያገናኛሉ። ኮረንቲውም በዚያው በአቋራጭ ይመለሳል፤ ሪሌዩ ብረቱን ይለቃል፤ ምልክቱ «ቁም» ይላል። ሽቦው ቢበጠስም፣ ባትሪው ቢያልቅም መልሱ ያው «ቁም» ነው።

ይህን በሌሊት ዘበኛ ልንመስለው እንችላለን። «ሌባ ስታይ ጩኽ» ያልነው ዘበኛ እንቅልፍ ቢወስደው ዝምታውን ሰላም ነው ብለን እንተኛለን። «በየሰዓቱ ድምፅህን አሰማ» ያልነው ግን ዝም ያለ እንደ ሆነ ወዲያው እንነቃለን።

እርግጥ ዘዴው ፍጹም አይደለም። ሐዲዱ ዝገት ከበዛበት መንኰራኵሩ ኮረንቲውን በደንብ ላያገናኝ፣ ባቡሩም ሳይታወቅ ሊቀር ይችላል። መሠረቱ ግን ዛሬም ይሠራበታል። በፋብሪካ ያለው የአደጋ ማቆሚያ ቍልፍ የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው፤ ኮረንቲ እስካለፈ ድረስ መኪናው ይሠራል፤ ቍልፉ ሲጫንም ሆነ ሽቦው ሲበጠስ ይቆማል። ሠራተኛውም እጁን የሚያተርፈው በዚህ ነው።

«ዝምታ ወርቅ ነው» ይባላል። የሰው ሕይወት በተያዘበት ቦታ ግን ወሬ አለመሰማቱን እንደ ደኅንነት ምስክር አንቍጠረው። «ሁሉ ደኅና ነው» የሚለው ቃል ራሱ ሳያቋርጥ ይሰማ፤ የተቋረጠ ዕለት እንቁም።