የሚተኛ ዲስክ እንዴት ይፈተናል?

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ኮፒ ቤቶች ዛሬም የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ እንጀራ ያበላል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የማመልከቻ ቅጽ፣ የሠርግ መጥሪያ፣ ሁሉም እዚያው ላይ ነው። ታዲያ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ይህ ዲስክ ይተኛ ወይስ ይንቃ? መልሱ በግምት አይገኝም፤ መቁጠር ያስፈልጋል።

አስቀድመን ሁለት ዓይነት እንቅልፍ እንለይ። አንዱ ሞተሩ እየዞረ የሚያነበው ጭንቅላት ብቻ ወደ ማረፊያው ሲሄድ ነው። ሌላው ሞተሩም ጭምር ሲቆም ነው። ዊንዶውስ ላይ ሃርድ ዲስኩ ከ20 ደቂቃ በኋላ እንዲጠፋ የሚያዘው ቅንብር የሚመለከተው ሁለተኛውን ነው። ጭንቅላቱን ግን ብዙ ጊዜ ዲስኩ በራሱ ፈቃድ ያሳርፋል፤ ጣጣው ያለውም እዚህ ላይ ነው። ዌስተርን ዲጂታል ግሪን ይባሉ የነበሩት ዲስኮች 8 ሰከንድ ያህል ሥራ ካጡ ጭንቅላታቸውን ያሳርፉ ነበር። ብዙ ዲስኮች ደግሞ 300,000 ጊዜ አርፈው እንዲነሡ ታስበው የተሠሩ ናቸው። በደቂቃ አንዴ ቢያርፍ በ8 ሰዓት ሥራ 480 ይሆናል፤ 300,000ው በ625 የሥራ ቀን አለቀ ማለት ነው። ዲስኩ በማግስቱ ይሞታል ማለቴ አይደለም፤ ከታሰበለት በላይ እየሠራ ነው።

ስለዚህ ፈተናው በንባብ ይጀምራል። የዲስክን ጤና የሚያሳየውን ክሪስታልዲስክኢንፎ የተባለ ፕሮግራም ከፍታችሁ የጭንቅላቱን ማረፍ የሚቆጥረውን መስመር ፈልጉ፤ በአሥር ቤት ቁጥሩ 193 ነው። ፕሮግራሙ ግን እንደተጫነ የሚያሳየው በአሥራ ስድስት ቤት (በሄክሳዴሲማል) ነው፤ መስመሩን «ሲ1» ብሎ ይጽፈዋል፣ 1000 ብሎ የሚያሳያችሁም በእኛ አቆጣጠር 4,096 ነው። ቁጥሩን ጻፉ፤ አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ቆይታችሁ ልዩነቱን አስሉ።

ቀጥሎ አነቃቁን ፈትኑ። የማጥፊያውን ሰዓት ወደ 1 ደቂቃ አውርዱ፤ ዲስኩ ሲቆም ፋይል ክፈቱ፤ ደጋግሙት። ቅድም የከፈታችሁትን ፋይል አትክፈቱ፤ ከራም ስለሚመጣ ዲስኩ ሳይነቃ የነቃ ይመስላችኋል። ጥቂት ሰከንድ መዘግየቱ የወግ ነው። ኮምፒውተሩ ደርቆ ከቀረ ግን ቅንብሩ ወድቋል።

መብራት በድንገት ሲጠፋ ጭንቅላቱ በጥድፊያ ይሸሻል፤ ይህ በ192 መስመር ይመዘገባል፣ ከተለመደው ማረፍም የከፋ ነው። እንቅልፉ የሚያተርፍላችሁ ጥቂት ዋት ብቻ ነው፤ ገንዘብ ካላችሁ ከእንዲህ ያለው ድንገተኛ መጥፋት የሚያድነውን ዩፒኤስ ግዙበት።

ይህን ሁሉ ከመጀመራችሁ በፊት ግን የሰዉን ሰነድ በሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ።