የጀልባዋን የመብራት ገመድ መለየት

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ሰው በማመላልስባት ጀልባ ላይ ሁለት መብራት ልጨምር ብዬ ክዳኑን ስከፍት ገመዱ ሁሉ ጥቁር ነው። የመብራቱን በምን ልለየው?

መልስ፦ በቀለም አይፍረዱ፤ ቀድሞ የጠገነው ሰው ያገኘውን ገመድ ቀጥሎ ይሆናል። የቤት መፈተሻ ካቻቢቴም በ12 ቮልት አይበራም። መጀመሪያ የቤንዚኑ ትነት ይውጣ፤ ሐይቅ መሀል እሳት ቢነሳ መሸሻ የለም። መልቲሜትሩን ዲሲ 20 ላይ ያድርጉና ጥቁሩን ጫፍ ከባትሪው ኔጌቲቭ፣ ቀዩን ከየገመዱ ያገናኙ። የመብራቱን ማብሪያ ሲጫኑ ብቻ 12 ገደማ የሚያሳየው የሚፈልጉት ነው፤ ሁልጊዜ የሚያሳየው ግን በቀጥታ ከባትሪው የመጣ ነው። ናስትሮ ጠቅልለው ይጻፉበት። ከመቀጠልዎ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፍቱ። ሁለት ባለ 10 ዋት ኤልኢዲ 1.7 አምፒር ገደማ ይወስዳሉ፤ አዲሱ ገመድ በሚነሳበት ቦታ ባለ 3 አምፒር ፊውዝ ያስገቡ።