የመጀመሪያው የኮራል አኳሪየም፦ ከዓሣው በፊት የሚሰፍረው ሕይወት

የኮራል አኳሪየም በመስተዋት ገንዳ ውስጥ በተዘጋጀ የባሕር ውኃ ኮራልን፣ ዓሣንና ሌሎች አከርካሪ የሌላቸውን እንስሳት በአንድነት ማኖሪያ ነው። ጀማሪው አብዛኛውን ጊዜ ሐሳቡን የሚጥለው በገንዳው ስፋት፣ በመብራቱ ድምቀትና በዓሣው ቀለም ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለሚደርሰው ሞት ግን ዋነኛ ምክንያት የሚሆነው ውኃው ገና ረቂቅ ተሕዋስያን ያልሰፈሩበት ባዶ ፈሳሽ መሆኑ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የሚመረመረው፣ ገንዳው እንስሳትን ለመቀበል መድረሱ በምን ይታወቃል የሚለው ጥያቄ ነው።

ዓሣ የበላውን ፕሮቲን አፍርሶ ትርፉን የሚያስወግደው በዋናነት በስንጥቡ በኩል በሚወጣ አሞኒያ ነው። በባሕር ውስጥ ይህ ወዲያው ይበተናል፤ በ100 ሊትር ገንዳ ውስጥ ግን የሚሄድበት የለውም። አሞኒያ በውኃ ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል። ኤሌክትሪካዊ ሙል ያለው አሞኒየም ጉዳቱ አነስተኛ ሲሆን፣ ሙል አልባው አሞኒያ የስንጥብን ስስ ሽፋን በቀላሉ አልፎ ወደ ደም ይገባል። የሁለቱን ድርሻ በተለይ የሚወስነው የውኃው ፒኤች ነው፤ ፒኤች ከ7 ወደ 8 ከፍ ሲል የመርዘኛው መልክ ድርሻ ወደ አሥር እጥፍ ያድጋል። የባሕር ውኃ ፒኤች 8.1 አካባቢ በመሆኑ፣ ፒኤቹ 7 በሆነ ጨው አልባ ገንዳ ውስጥ ዓሣ ሊቋቋመው የሚችለው የአሞኒያ መጠን በዚህ ገዳይ ሊሆን ይችላል። ቀደም ሲል ጎልድፊሽ ያረባ ሰው፣ ልምዱ በብዙ የሚጠቅመው ቢሆንም፣ በዚህ ነጥብ ላይ ከፍጹም ጀማሪ ይልቅ ለስሕተት የተጋለጠ ነው።

ይህን መርዝ የሚያስወግዱት በዐለትና በአሸዋ ገጽ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። ፊተኞቹ አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ተከታዮቹ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ። ፊተኛው ሥራ ለረጅም ዘመን የባክቴሪያዎች ብቻ እንደሆነ ሲታሰብ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ጥናት አርኬያ ከሚባለው ሌላ የሕይወት ዘርፍ የሚመደብ፣ ኒትሮሶፑሚለስ ማሪቲመስ የተሰኘ ተሕዋስ ይህንኑ እንደሚያከናውን ተረጋገጠ። ተሕዋሱ ተለይቶ የወጣው ከጥልቅ ውቅያኖስ ሳይሆን፣ በአሜሪካ በሲያትል ከተማ አኳሪየም ውስጥ ከነበረ የሞቃት ባሕር ገንዳ ጠጠር መሆኑ ለዚህ ርእስ አንባቢ ልዩ ትርጉም አለው። እነዚህ ተሕዋስያን ከሥራቸው የሚያገኙት ጉልበት ጥቂት ስለሆነ የሚራቡት በዝግታ ነው። አንዳንድ ሌሎች ባክቴሪያዎች በ20 ደቂቃ ውስጥ እጥፍ ሲሆኑ፣ እነዚህ ብዙ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ ይፈልጋሉ። ትዕግሥትን የግድ የሚያደርገው ይኸው ነው።

የኢንዶኔዥያው ሊ ቺን ኤንግ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ከባሕር የወጣ ሕያው ዐለትና የአየር አረፋ ብቻ በመጠቀም የባሕር እንስሳትን ማኖር እንደሚቻል አስረድቷል። ዛሬ በስፋት የሚሸጠው ደረቅ ዐለት ጎጂ ተባዮችን ይዞ አይመጣም፤ ነገር ግን ተሕዋስያንንም ይዞ ስለማይመጣ ጥበቃውን ያረዝመዋል።

ዝግጅቱ ራሱ ብዙ አያስቸግርም። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን፣ ፎስፌት፣ አልፎ አልፎም መዳብ ሊይዝ ስለሚችል፣ በግፊት በስስ ማጣሪያ አልፎ የጸዳ ውኃ ይመረጣል። በዚህ ውኃ ውስጥ በሊትር 35 ግራም ገደማ የባሕር ጨው ድብልቅ ይሟሟል፤ የገበታ ጨው ሌሎቹን የባሕር ማዕድናት ስለማይይዝ አይተካውም። ጨዋማነቱ በሪፍራክቶሜትር ይረጋገጣል፤ ሙቀቱም በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይጠበቃል። ውኃ ሲተን ጨው አብሮ አይተንም። ከ100 ሊትር 3 ሊትር ቢተን 35 የነበረው ጨዋማነት ከ36 ያልፋል፤ ስለዚህ በየዕለቱ የተነነው የሚተካው ጨው በሌለው ንጹሕ ውኃ ነው።

ከዚህ በኋላ ዓሣ በሌለበት ገንዳ ውስጥ አሞኒየም ክሎራይድ ተጨምሮ የአሞኒያው መጠን 2 ሚሊ ግራም በሊትር እንዲሆን ይደረጋል። መብራቱ ቢጠፋ አልጌ አይስፋፋም። ጠባቂው አሞኒያና ናይትራይትን እየለካ ይመዘግባል። ናይትራይት ባለበት ውኃ ውስጥ የተለመዱት የናይትሬት መለኪያዎች ከእውነተኛው በላይ ስለሚያሳዩ፣ በዚህ ወቅት የሚገኘው የናይትሬት ንባብ ሊታመን አይገባም። ከ3 እስከ 6 ሳምንት የሚለው የተለመደ ግምት ለዕቅድ ይበጃል እንጂ ማስረጃ አይደለም። ማስረጃ የሚሆነው፣ 2 ሚሊ ግራም በሊትር ተጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያውም ናይትራይቱም ወደ ዜሮ ሲወርዱ ነው። ይህ ፈተና ምን ያህል ዋስትና እንደሚሰጥ በስሌት ማየት ይቻላል። በ100 ሊትር ውስጥ 200 ሚሊ ግራም አሞኒያ ማለት ነው፤ ይህም 45 በመቶ ፕሮቲን ባለው ደረቅ ምግብ ከ2 ግራም በላይ ውስጥ ካለው ናይትሮጅን ሁሉ ጋር ይመጣጠናል። ሁለት ትናንሽ ዓሦች በቀን ይህን ያህል አይመገቡም።

ኮራል ሲጨመር ሌላ ጥያቄ ይነሣል። ድንጋያማ ኮራል አጽሙን የሚገነባው ከካልሲየምና ከካርቦኔት ነው። በዚህ ግንባታ 20 ሚሊ ግራም በሊትር ካልሲየም ሲወሰድ፣ አልካሊነት በጀርመን ዲግሪ 2.8 ይቀንሳል። ገንዳው 420 ሚሊ ግራም ካልሲየምና 8 ዲግሪ አልካሊነት ቢኖረው፣ ካልሲየሙ የሚያጣው ከመቶ 5 ያህሉን ብቻ ሲሆን አልካሊነቱ ግን ከሲሶ በላይ ያጣል። ስለዚህ ካልሲየምን ብቻ የሚለካ ጠባቂ ሁሉ ነገር ደኅና ሲመስለው ኮራሉ ሊጎዳ ይችላል። ዘወትር መለካት የሚገባው አልካሊነት ነው፤ ጉድለቱም የሚሞላው በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ በቀስ ነው።

ኦክሲጅን ብዙ ጊዜ የሚታወሰው መብራት ሲቋረጥ ነው። በባሕር ጠለል ላይ 25 ዲግሪ የሞቀ የባሕር ውኃ 6.75 ሚሊ ግራም በሊትር ያህል ኦክሲጅን ይይዛል፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ግን የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ይህ ወደ 5.1 ገደማ ይወርዳል። በደጋ ከተማ የሚተከል ገንዳ እንግዲህ የዓሦቹ ቁጥር ያነሰ፣ የውኃው ገጽ በፓምፕ ይበልጥ የሚናወጥ፣ በባትሪ የሚሠራ የአየር መንፊያም የተዘጋጀለት ሊሆን ይገባል።

የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች ቀንድ አውጣዎችና ለስላሳ ኮራሎች ቢሆኑ ይመረጣል። ከዓሦች ክላውንፊሽ በገንዳ ውስጥ በስፋት ስለሚራባ ከባሕር የተጠመደውን መግዛት አያስፈልግም። ድንጋያማ ኮራሎች ዓለም አቀፍ ንግዳቸው በሳይትስ ስምምነት ሁለተኛ አባሪ ቁጥጥር ሥር ነው፤ ከሌላ ገንዳ ተቆርጦ ያደገ ቅንጣቢ ዋጋው ዝቅ ያለ፣ ለገንዳ ኑሮም የለመደ ነው። የታመመ ዓሣ በመዳብ መድኃኒት የሚታከመው በተለየ ገንዳ ብቻ ነው፤ መዳብ አከርካሪ የሌላቸውን እንስሳት ይገድላል።

ለጠባቂው ራሱ የሚያሰጋም አለ። አንዳንድ የፓሊቶዋ ዝርያዎች ፓሊቶክሲን የተባለ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ከሐዋይ ናሙና ተለይቶ የታወቀ እጅግ ብርቱ መርዝ ይይዛሉ። እነርሱን ለማጥፋት ዐለቱን በፈላ ውኃ የነከሩ ሰዎች እንፋሎቱን በመተንፈስ ተመርዘዋል። እነዚህ እንስሳት በጓንትና በዓይን መከላከያ መነጽር ይያዛሉ፤ የሰፈሩበትም ዐለት ፈጽሞ አይቀቀልም፣ ደርቆም አይፋቅም።