ባዶ ወረቀት አምጣ

የሚድ ውጤት ተለጥፏል። በሰው ትከሻ መሃል አንገትህን አስግገህ፣ የመታወቂያ ቁጥርህን በጣትህ እየተከተልክ ወደ ታች ወረድክ። አገኘኸው። 9 ከ30።

ወዲያው ዞር ብለህ ያየህ ሰው እንደሌለ አረጋገጥክ። ዋሸሁ?

እኔም እዚያ ሰሌዳ ስር ቆሜ አውቃለሁ። የኔ 11 ነበር። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፣ ሁለተኛ ዓመት። ያንገበገበኝ ውጤቱ ብቻ አልነበረም። ለዚያ ፈተና ሦስት ሌሊት አልተኛሁም። ሀንድአውቱን ከዳር እስከ ዳር በቢጫ ሃይላይተር ቀብቼዋለሁ። አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ታዲያ ምን ቀረኝ?

ልከራከር መምህሬ ቢሮ ገባሁ። አልተቆጡኝም። አንድ ባዶ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ አደረጉና "አራት ጊዜ ያነበብከውን እስቲ አንድ ጊዜ ሳልልኝ" አሉኝ።

አንዲት ቀስት እንኳ መሳል አቃተኝ።

ያን ቀን የገባኝን ነገር ነው ዛሬ የምነግርህ። (አንቺም አለሽበት፤ አንዱን ምረጥ ብሎ ያስገደደኝ ሰዋስው ነው።) ኬሚስትሪ በዓይን አይጠናም። በእጅ ነው የሚጠናው።

ንባብ ያታልላል። የተሠራ ጥያቄ ስታነብ ሁሉም ነገር ግልጽ ነው፤ "እሺ፣ እሺ፣ ገባኝ" እያልክ ገጽ ትገልጣለህ። ገባህ? ሾፌር አጠገብ ተቀምጦ አገር ያዳረሰ ሰው መንጃ ፈቃድ ይሰጠዋል? አይሰጠውም። መሪውን ያዝ!

ምናልባት ኬሚስትሪን አልመረጥከውም ይሆናል። ቅጹ ላይ መጨረሻ የሞላኸው ነበር። ምን እንደምታጠና ለጠየቀህ ሁሉ "ተመድቤ ነው" ትላለህ፤ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው።

እሺ፣ ተመድበህ ነው። ከዚያስ?

ምደባው የአንድ ቀን ሥራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለው ቀን ሁሉ ያንተ ነው። "ተመድቤ ነው" የምትለዋን ነገር ለአንድ ሴሚስተር ተዋት። ሲጠይቁህ "ኬሚስት ልሆን ነው" በል። መጀመሪያ አፍህ ላይ ይከብዳል። በሁለተኛው ሳምንት ትለምደዋለህ።

አክቲቬሽን ኢነርጂን ታውቀዋለህ። ክብሪትና ጭድ ዓመቱን ሙሉ ጎን ለጎን ቢቀመጡ አይነዱም። አንዴ መጫር አለበት። መጀመሪያ ላይ የምትታለፍ ጉብታ አለች፤ እሷን ካለፍክ ሌላው ራሱ ይሄዳል። ይህን ከሙቀት ጋር አያይዞ በቀመር ያስቀመጠው ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1889። ቀመሩን ሸምድደኸዋል። የሰውየውን ታሪክ ግን ነግረውሃል?

ልንገርህ። አሬኒየስ እ.ኤ.አ. በ1884 ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፉን አቀረበ። ጨው ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ቻርጅ ወዳላቸው ቅንጣቶች ይለያያል የሚል ነበር። ፕሮፌሰሮቹ አልተዋጠላቸውም። ለማለፍ ያህል ብቻ የምትበቃ ዝቅተኛ ግሬድ ሰጡት።

ምን አደረገ? ተኝቶ አለቀሰ? ኮፒውን በፖስታ እያሸገ ለሌላ አገር ኬሚስቶች ላከ! ከተቀበሉት አንዱ ቪልሄልም ኦስትቫልድ ነበር። አንብቦ ተገረመ፤ ወጣቱን ሊያይ ኡፕሳላ ድረስ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1903 አሬኒየስ የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመ፤ ከስዊድን የመጀመሪያው ሰው። ለምን ተሸለመ? ለዚያው ዝቅተኛ ግሬድ ለተሰጠው ሐሳብ።

አሁን 9 ከ30ህን እንደገና እያት።

አየሃት? ወደ ጉብታዋ እንመለስ። ሳታጠና የምትውለው ስለማትችል ነው? አይደለም። ጉብታዋ ስር ቁጭ ስለምትል ነው። ዶርሙ ጫጫታ ነው። ላይብረሪ ቦታ ለመያዝ ሰልፍ ነው። "አንድ ቪዲዮ ብቻ" ብለህ ስልክህን ታነሳለህ፤ ቀና ስትል እራት ደርሷል። ጉልበትህ ያለቀው ኬሚስትሪው ላይ አይደለም። አጀማመሩ ላይ ነው።

ካታሊስት ምን ይሠራል? ተራራውን አይንደውም። ዝቅ ያለ መንገድ ይከፍታል እንጂ። አንተም ክፈት። ማታ ከመተኛትህ በፊት አንድ ወረቀት አውጣ፣ አናቱ ላይ አንድ ጥያቄ ጻፍ፣ ከነእስክሪብቶው ትራስህ ስር ይደር። ጠዋት ስልክህን ከመንካትህ በፊት እሱን ንካ። 30 ደቂቃ። ስልክህን ቻርጅ ሳታደርገው መብራት ጠፋ? ወረቀት ቻርጅ አይፈልግም። ኔትወርክም አይፈልግም።

ምን ልሳል? ትለኛለህ። ጥሩ ጥያቄ።

የትኛውም ሪአክሽን ፊትህ ሲቀርብ ሦስት ነገር ጠይቅ። ኤሌክትሮን የተረፈው ማነው? የጎደለውስ? ማን ጥሎ ይሄዳል? ከዚያ ቀስትህን ሳብ። ቀስት የሚነሳው ኤሌክትሮን ካለበት ነው፤ የሚያርፈው ኤሌክትሮን በጎደለበት። ስንቱ ተማሪ ነው ከሃይድሮጅን ፕላስ ቀስት አስነስቶ ነጥብ የሚጥለው! ሃይድሮጅን ፕላስ ምን አለውና ይሰጣል? ኪሱ ባዶ ነው።

ይህችን ብቻ ከያዝክ መቶ ሪአክሽን መቸከል ይቀርልሃል። መቶዎቹ የጥቂት ሐሳቦች ልጆች ናቸው። ቤተሰቡን እወቅ፣ ልጆቹን በመልካቸው ትለያቸዋለህ።

ኤስ ኤን ቱ የሚባለውን ሪአክሽን እንውሰድ። አዲሱ መጪ ካርበኑን የሚመታው ከጀርባ ነው፤ ፊት ለፊት ያለውን ቦታ ሊወጣ ያለው ይዞታል። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል፤ የቀሩት ሦስት እጆች ነፋስ እንደገለበጠው ጃንጥላ ወደ ሌላ ወገን ይዞራሉ። አነበብከው። አሁን ጨፍን። ይታይሃል?

ካልታየህ ድንች ፈልግ። የምሬን ነው! አንድ ድንች፣ አራት ስቴኪኒ። ድንቹ ካርበን ነው፤ ስቴኪኒዎቹን እርስ በርሳቸው በተቻለ መጠን አራርቀህ ውጋ። በሁለቱ መካከል ያለው አንግል ወደ 109.5 ዲግሪ ይጠጋል። ከየጫፉ የተለያየ ቀለም ያለው ወረቀት ሰካ። ሌላ ድንች አምጣና የመስታወት ምስሉን ሥራ። ከዚያ አንዱን በሌላው ላይ ለመግጠም ሞክር። እምቢ ይልሃል፤ የቀኝ ጫማ ግራ እግር ላይ እምቢ እንደሚለው። ካርቮን የሚባል ሞለኪውል አለ፤ አንደኛው መልኩ ናና ናና ይሸታል፣ የመስታወት ምስሉ ካራዌይ የሚባለውን ቅመም። አፍንጫህ ቀኝና ግራን ይለያል ማለት ነው። አንተ ወረቀት ላይ መለየት ያቅትሃል?

ዶርም ውስጥ ይስቁብሃል። ይሳቁ። ከፋይናሉ በፊት ባለው ሳምንት ድንችህን ሊዋሱ ይመጣሉ።

ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ተማሪ ኬሚስትሪን ከውጭ የመጣ እንግዳ አድርጎ ይፈራዋል። እንግዳ? አረቄ ሲወጣ አይተህ አታውቅም? ድፍድፉ ሸክላው ውስጥ ይፈላል፣ እንፋሎቱ በሸምበቆ ይወጣል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠው ዕቃ ውስጥ ይጠራቀማል። ዲስቲሌሽን ነው፤ ያው ላብ ውስጥ በመስታወት የምትሠራው። ባሕር ጠለል ላይ አልኮል 78 ዲግሪ፣ ውሃ 100 ዲግሪ ላይ ይፈላሉ። አረቄ አውጪዋ ይህን ቁጥር አታውቀውም፤ እሳቱ ከበዛ ግን ውሃው አብሮ ተነስቶ አረቄው እንደሚቀጥን አሳምራ ታውቃለች። (በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ገደማ ነው። ላብ ሪፖርትህ ላይ 100 ብለህ ከጻፍክ ቴርሞሜትሩን አላየኸውም። ይታወቅብሃል።)

እንዶድስ? እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ አድዋ ወንዝ ዳር ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውሃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አየ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዚያ ተሸካሚዎች ናቸው። ያን አረፋ ስንት ሰው አይቶት አልፏል? እሱ ግን "ለምን?" አለ። በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ያሉበት ዕቃ ውስጥ አረፋውን አስጨመረ። ሞቱ። ነገሩ ከዚያ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባው ከለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አስገኘለት።

በእንዶድ ውስጥ ያለው ሳፖኒን ነው። አንድ ጫፉ ስኳር ነው፣ ውሃ ይወዳል፤ ሌላው ጫፉ ቅባት ይወዳል። አረፋው ከዚህ የመጣ ነው። ቤትህ ሄደህ ይህን ለእናትህ አስረዳት። በአማርኛ፣ ያለ ሀንድአውት። እሷ ከገባት አንተም ገብቶሃል። አልገባትም? ወረቀትህን አውጣ።

የላብ ሙከራህ ከሸፈ? ስንት ጊዜ? አንድ? ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ የወባ መድኃኒት ስትፈልግ አንድ ተክል ብታዘጋጅ አስተማማኝ ውጤት አልሰጥ አላት። ከ1,600 ዓመት ገደማ በፊት የተጻፈ የሐኪም መጽሐፍ ገልጣ እንደገና አነበበች። መጽሐፉ ተክሉን በውሃ ነክረህ ጭመቀው ይላል፤ ቀቅለው አይልም። ሙቀቱ መድኃኒቱን እያበላሸው ይሆን? 35 ዲግሪ አካባቢ በሚፈላው ኢተር ሞከረችው። እ.ኤ.አ. በ1971 በአይጦችና በጦጣዎች ላይ የወባ ተህዋስያኑን ሙሉ በሙሉ ያጠፋው ናሙና ቁጥሩ 191 ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ኖቤል ተሸለመች። ወባ ባለበት አገራችን ጤና ጣቢያ የሚሰጠው ኮአርተም የዚያ ግኝት ልጅ ነው።

191። ቁጥሩን ላብ ደብተርህ ሽፋን ላይ ጻፈው። ከጓደኛህ ላይ የተገለበጠ ቆንጆ ዳታ ይዘህ ከምትወጣ፣ የራስህን የከሸፈ ውጤት ይዘህ "ለምን?" ብለህ ውጣ።

ፊዚካል ኬሚስትሪ ላይ ብዙ አልልህም። እዚያ ተማሪን የሚጥለው አብዛኛውን ጊዜ ኬሚስትሪው ሳይሆን ዩኒት ነው። 8.314 መቼ፣ 0.0821 መቼ እንደሚገባ ካልለየህ ቀመሩን በሕልምህ ብታውቀው ዋጋ የለውም። ከቁጥሩ አጠገብ ሁልጊዜ ዩኒቱን ጻፍ። ሁልጊዜ። ሌላው ሒሳብ ነው፤ ሒሳብ ደግሞ በመሥራት ይለመዳል።

"እስከ ፋይናል ጊዜ አለኝ" የምትለውን ነገር ግን እለፋት። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 በራሱ ላይ ሞክሮ አሳየ፦ የተጠና ነገር የሚጠፋው ቀስ እያለ አይደለም፤ አብዛኛው የሚተነው መጀመሪያ ላይ ነው። ስለዚህ ዛሬ የሳልከውን ነገ ሳታይ ሳለው። ከሦስት ቀን በኋላ ድገም። ከሳምንት በኋላ ድገም። ከእራት በኋላ ባዶ ክላስ ገብተህ ጠመኔ ያዝ፤ አንድ ጓደኛህን አስቀምጥና አስተምረው። መሃል ላይ ስትንተባተብ ያች የቆምክባት ቦታ ናት የነገ ጥያቄህ።

እኔስ ምን ሆንኩ? ፋይናሉን በእጄ አጠናሁት። ሁለት ደስጣ ወረቀት ጨረስኩ፤ ጣቴ ላይ እስክሪብቶው ያረፈበት ቦታ አበጠ። ግሬዴ ቢ ሆነ። ኤ አልሆነም፤ የሚዷ 11 አልፈቀደችም። በቀጣዩ ሴሚስተር ግን ኦርጋኒክ ሁለትን ኤ አመጣሁ፤ መምህሬም የያኔዋን ባዶ ወረቀት ቀልድ አድርገው አስታወሱኝ።

አሁን ስልክህን አስቀምጥ። አንድ ሜካኒዝም ለመሳል አምስት ደቂቃ ይበቃል። እስክሪብቶህ የት ነው?