የጁሙዓ ማስታወሻ፦ የቅንጦቷ ጀልባና የሱረቱል ካህፍ ባሕር



ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ዛሬ ጁሙዓ ነው። ብዙዎቻችሁ ሱረቱል ካህፍን ቀርታችኋል፤ ያልቀራችሁም እስከ መግሪብ ጊዜ አላችሁ። ይህችን ሱራ ስናስብ ቶሎ የሚመጣልን የዋሻው ወጣቶች ታሪክ ነው። ግን በውስጧ ባሕርም አለ። ሁለቱ ባሕሮች የሚገናኙበት ስፍራ አለ፣ ወደ ውኃው የሾለከ ዓሣ አለ፣ የምትሰነጠቅ መርከብ አለች። ሱራዋ ወደ መጨረሻዋ ስትደርስም ባሕሩ ቀለም ቢሆን የጌታችን ቃላት ሳያልቁ እርሱ እንደሚያልቅ ትነግረናለች። የዛሬው ትምህርታችን ከዚህ ባሕር ጋር የተያያዘ ነው።

በስልካችሁ ላይ ያያችሁት ቪዲዮ ይኖራል። ነጭ ሸራ የዘረጋች ያማረች ጀልባ፣ ከሥሯ እንደ መስታወት የጠራ ውኃ፣ በውኃው ውስጥ ባለ ብዙ ቀለም ኮራል፣ ከዳር ደግሞ እስከ ባሕሩ አፍ የወረደ ጥቅጥቅ ያለ ደን። ይህን አይተው ሁለት ዓይነት ሰዎች ይጠይቃሉ። አንደኛው፣ «ኡስታዝ፣ አላህ ለነሱ ይህን ሁሉ ሰጥቶ እኛን ለምን በኑሮ ያስጨንቀናል?» ይላል። ሁለተኛው አቅም ያለው ነው፤ «እንዲህ ያለ ጉዞ መሄድ ኢስራፍ ነው ወይስ ሐላል?» ይላል። ኢንሻአላህ ለሁለቱም መልስ እንፈልጋለን። መጀመሪያ ግን ስፍራውን እንወቀው፤ የአላህን ፍጥረት ሳያውቁ ስለ እርሱ ማስተንተን አይቻልምና።

ስፍራው ምን ይመስላል?

ከእነዚህ ጉዞዎች ብዙዎቹ የሚደረጉት በኢንዶኔዥያ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ከፓፑዋ በስተ ምዕራብ ባለው ራጃ አምፓት በሚባል የደሴቶች ስብስብ ነው። ስሙ «አራቱ ነገሥታት» ማለት ነው። አራቱ ትልልቅ ደሴቶች ዋይጌኦ፣ ባታንታ፣ ሳላዋቲና ሚሶል ይባላሉ። በዙሪያቸው ከ1,500 በላይ ትንንሽ ደሴቶች አሉ። ተጓዦች ሶሮንግ ከተማ ድረስ በአውሮፕላን ይመጡና ከዚያ ጀልባ ይሳፈራሉ።

ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። እጅግ ትንንሽ እንስሳት አንድ ላይ ሆነው ከባሕሩ ውኃ ኖራ እየወሰዱ ቤታቸውን ይገነባሉ። በሥጋቸው ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታይ አልጌ ይኖራል። አልጌው ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ሠርቶ ኮራሉን ይመግባል፤ ኮራሉም ለአልጌው መጠለያ ይሰጠዋል። አንዱ ያለ ሌላው አይዘልቅም። የኮራል አለት ከባሕር ወለል ከ1 በመቶ ያነሰውን ቢሸፍንም ከባሕር ፍጥረታት ሩብ ያህሉ በሕይወታቸው በሆነ ጊዜ በእርሱ እንደሚጠለሉ አጥኚዎች ይገምታሉ። በራጃ አምፓት ብቻ በዓለም ከሚታወቁት የጠንካራ ኮራል ዓይነቶች 75 በመቶ ገደማ ይገኛሉ፤ የዓሣው ዓይነት ደግሞ ከ1,400 ይበልጣል። ሱብሓነላህ!

አላህ በሱረቱ ረሕማን ከባሕር የሚወጡትን ሉእሉእና መርጃን ጠቅሶ ጸጋውን ያስታውሰናል። መርጃን የሚለውን ቃል ከቀደምት ሙፈሲሮች ብዙዎቹ ትንንሽ ሉል ነው ብለውታል፤ ከፊሎቹ ደግሞ ቀዩ የባሕር ድንጋይ፣ ማለትም ኮራል ነው ብለዋል። በየትኛውም ትርጉም ብንሄድ ትምህርቱ አንድ ነው። ከባሕር ሥር ያለው ውበት ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም ስለ እርሱ ይጠይቀናል።

ከውኃው ወደ የብስ ስትወጡ ዝናባማው ደን ይጀምራል። በዋይጌኦና በባታንታ ደን ሰዎች «የገነት ወፍ» ብለው የሚጠሯቸው ወፎች አሉ። ከእነርሱ አንዱ በእነዚህ ሁለት ደሴቶች እንጂ በምድር ላይ ሌላ የትም የለም። ወንዱ ሴቷን ለመጥራት ሲፈልግ ከሚጨፍርበት መሬት ላይ ቅጠሉን አንድ በአንድ ለቅሞ ያጸዳል። በደኑና በባሕሩ መካከል ሥሩን ጨዋማ ውኃ ውስጥ የሰደደ ማንግሮቭ የሚባል ዛፍ ይበቅላል፤ የዓሣ ጫጩቶች በሥሮቹ መካከል ተጠልለው ያድጋሉ። ደኑ ሲቆረጥ አፈሩ በዝናብ ታጥቦ ወደ ባሕር ይወርዳል፣ ውኃው ይደፈርሳል፣ ብርሃን ያጣው ኮራልም ይታፈናል።

ጀልባዋስ?

በዚያ ባሕር ላይ ከሚታዩት የቅንጦት ጀልባዎች ብዙዎቹ ፒኒሲ ይባላሉ። የሚሠሩት በደቡብ ሱላዌሲ ነው፤ ሠሪዎቹም ሙስሊም ወንድሞቻችን ናቸው። ከአባት ወደ ልጅ በወረደ ሙያ፣ በወረቀት ላይ ንድፍ ሳያወጡ፣ በባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ እንጨቱን እየገጣጠሙ ይሠሯቸዋል። ዩኔስኮ ይህን ሙያ በ2017 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። ጀልባዎቹ ድሮ የንግድ ዕቃ ይጭኑ ነበር። ዛሬ ግን ብዙዎቹ አልጋ ያለው ክፍል፣ ማቀዝቀዣ፣ ምግብ አብሳይና ዋና አስተማሪ አላቸው። የሳምንት ኪራያቸው በብዙ ሺህ ዶላር ይቆጠራል።

አሁን ወደ ሱረቱል ካህፍ እንመለስ። ኸድር የሰነጠቃት መርከብ የማን ነበረች? በባሕር ላይ የሚሠሩ ሚስኪኖች ነበረች። ከወደፊታቸው መርከብን ሁሉ እየቀማ የሚወስድ ንጉሥ ነበር፤ ኸድርም ነውር ያደረገባት ለእነዚያ ሚስኪኖች እንድትተርፍ ነው። ስለዚህ ቁርኣን በዚህ ታሪክ መርከብን ሲያስታውሰን ዓይናችንን የሚጥለው በሠራተኛው እንጀራ ላይ ነው። በቪዲዮው ላይ የሚታየን ግን በላይኛው ወለል የተቀመጠው እንግዳ ብቻ ነው። ገመድ የሚስበውን፣ ሞተር ክፍል ውስጥ የሚያልበውን፣ ሳሕን የሚያጥበውን ማን ያየዋል?

ሐላል ነው ወይስ ኢስራፍ?

አቅም ላለው ወንድማችን መልሱ ይህ ነው። መሠረቱ ፈቃድ ነው። በሱረቱል አዕራፍ አላህ ብሉ፣ ጠጡ፣ ግን አታባክኑ ብሎ ያዛል፤ በሚቀጥለው አያ ደግሞ ለባሮቹ ያወጣውን ጌጥና መልካም ሲሳይ ሐራም የሚያደርጉትን ይወቅሳል። ሁለቱ አያዎች ጎን ለጎን ናቸው። አንዱን ይዞ ሌላውን መተው አይቻልም። ስለዚህ የሚሄድ ሰው ራሱን አራት ነገር ይጠይቅ፦

1. ገንዘቡ ከየት መጣ? ከወለድ፣ ከጉቦ ወይም ከሰው ሐቅ የመጣ ከሆነ ጀልባውም ታክሲውም እኩል ነው።

2. ከኋላዬ ማንን ትቼ ነው? ያልወጣ ዘካ፣ ያልተከፈለ ዕዳ፣ የተቸገሩ ወላጆች፣ አቅም እያለ የዘገየ የሐጅ ግዴታ ካለ እርሱ ይቅደም።

3. በጉዞው ላይ ምን ይደረጋል? አስካሪ መጠጥ፣ ዐውራ መግለጥና ሶላት ማሳለፍ ያለበት ጉዞ ባሕሩ ስላማረ ሐላል አይሆንም።

4. ምን ጉዳት ትቼ እመለሳለሁ? ይህን አራተኛውን ብዙዎቻችን እንረሳዋለን፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት።

የመርከቧ ሁለት ወለሎች

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ኑዕማን ኢብኑ በሺር (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ አንድ ምሳሌ ሰጥተውናል። ሰዎች በመርከብ ላይ ዕጣ ተጣጣሉ፤ ከፊሉ ላይኛው፣ ከፊሉ ታችኛው ወለል ደረሰው። ታችኞቹ ውኃ ለመቅዳት በላይኞቹ መካከል ማለፍ ነበረባቸው። ላይኞቹን ላለማስቸገር በራሳችን በኩል ቀዳዳ እንብሳ አሉ። ላይኞቹ ዝም ካሉ ሁሉም ይጠፋሉ፤ እጃቸውን ከያዙ ሁሉም ይድናሉ።

በዛሬው ዘመን ቀዳዳው የሚበሳው ብዙ ጊዜ ከላይኛው ወለል ነው። በ2017 መጋቢት ላይ አንድ የቱሪስት መርከብ መንገደኞቹን በዋይጌኦ ወፍ አሳይቶ ሲመለስ የባሕሩ ውኃ በጎደለበት ሰዓት ከኮራል አለት ላይ ወጣ። ከዚያም በሌላ መርከብ ተጎትቶ ወረደ። በመጀመሪያው ግምት ብቻ 13,500 ካሬ ሜትር ያህል ኮራል ተጎዳ። እንዲህ ያለ አለት ብዙ ዘመን ፈጅቶ የተገነባ ነው። የአካባቢው ዓሣ አጥማጅ ኑሮውን ያገኝ የነበረው ከእርሱ ነው። ጥንቃቄ የጎደለው መልሕቅም በትንሹ ይህንኑ ያደርጋል። የባሕሩ ውኃ ከልክ በላይ ሲሞቅ ደግሞ ኮራሉ አልጌውን ያስወጣና ነጭ ይሆናል፤ ሙቀቱ ከቆየ ይሞታል። ሙቀቱን የሚጨምረው ነዳጅ የሚቃጠለው ከዚያ እጅግ በራቀ አገር ሊሆን ይችላል። መርከቧ ግን አንድ ናት።

እጅ መያዝም እንደሚቻል ከዚያው እንማር። የራጃ አምፓትና የአካባቢው ሰዎች ሳሲ የሚሉት ልማድ አላቸው፤ የባሕሩን አንድ ክፍል ለተወሰነ ጊዜ ዘግተው ዓሣው እስኪራባ ማንም አይነካውም፤ ከዚያ ተስማምተው ይከፍቱታል። ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነቂዕ የተባለውን ስፍራ ለሙስሊሞች ፈረሶች ሒማ አድርገው ከልለዋል፤ የመዲናን ሐረም ዛፍ መቁረጥም ከልክለዋል። በ2025 አጋማሽ ደግሞ የኢንዶኔዥያ መንግሥት የሕዝቡን ተቃውሞ ተከትሎ በራጃ አምፓት የነበሩ የአራት ኩባንያዎችን የኒኬል ማዕድን ፈቃድ ሰርዟል። ዝም አለማለት ይጠቅማል።

በባሕር ላይ ያለ ሰው ሶላት

ለመዝናናትም ይሁን ለሥራ በመርከብ ላይ ለምትሆኑ አጭር ማስታወሻ፦ የባሕር ውኃ ለውዱእ ይሆናል፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ተጠይቀው ውኃው አጥሪ፣ በውስጡ የሞተውም ሐላል መሆኑን አስተምረዋል። ፈርድ ሶላትን መቆም የቻለ ቆሞ ይሰግዳል፤ መውደቅ ወይም ማዞር የፈራ ተቀምጦ ይሰግዳል። ቂብላን ፈልጎ ይጀምራል፤ መርከቡ ከዞረ በተቻለው መጠን እርሱም ይዞራል። ጉዞው ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ከሆነ አራት ረከዓ ያላቸውን ሶላቶች ማሳጠር ይችላል። መንገደኛ ላይ ጁሙዓ ግዴታ አይደለም፤ ዙህርን ይሰግዳል። በአንድ ወደብ ብዙ ቀን የሚቀመጥ ሰው ግን ሁኔታውን ለሚያውቀው ዓሊም ይጠይቅ።

ከስልኩ ጀርባ ላለው ወንድሜና እህቴ

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ። በሱረቱል ካህፍ የሁለቱ አትክልቶች ባለቤት ታሪክ አለ። ሰውየው በሀብቱ ተመካ፣ ይህ ከቶ አይጠፋም አለ። ሁላችንም የእርሱን መጨረሻ እናስታውሳለን፤ ባልደረባውን ግን እንዘነጋዋለን። ባልደረባው በገንዘብም በልጅም ያነሰ ነበር። አልቀናም፣ አልተሸማቀቀም። አትክልትህ በገባህ ጊዜ «ማሻአላህ፣ ላ ቁወተ ኢላ ቢላህ» ብትል ምን ነበር ብሎ መከረው፤ ጌታዬ ከአትክልትህ የተሻለ ሊሰጠኝ ይችላል ብሎም ተስፋ አደረገ። ቪዲዮውን የምታዩት እናንተ በዚህ ታሪክ ውስጥ የባልደረባው ቦታ ተሰጥቷችኋል። ያማረ ነገር ስታዩ ማሻአላህ በሉ፣ ለባለቤቱ በረካን ለምኑ፣ ለራሳችሁም ከአላህ ጠይቁ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በዱንያ ጉዳይ ከእኛ በታች ያለውን እንድናይ ያዘዙን የአላህን ጸጋ እንዳናቃልል ነው።

ይህን የምለው በከንቱ አይደለም። እኛ የባሕር ታሪክ ያለን ሕዝብ ነን። ሶሓቦች ከመካ ሸሽተው ወደ ሐበሻ የመጡት ባሕር ተሻግረው ነው። ጃዕፈርና ጓደኞቻቸው ሲመለሱ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) «የመርከቧ ሰዎች» ሁለት ሂጅራ እንዳላቸው አበሰሯቸው። ዛሬ በዚያው ቀይ ባሕር ላይ የእኛ ልጆች ከጅቡቲ ኦቦክ ዳርቻ ከአቅሟ በላይ በጫነች ጀልባ ወደ የመን ይሻገራሉ። ቀይ ባሕርም ያማረ ኮራል አለው፤ እነርሱ ግን በላዩ የሚያልፉት በጨለማና በፍርሃት ነው። ያልደረሱም ብዙ ናቸው፤ አላህ ይዘንላቸው። ችግር የገፋውን ሰው አንወቅስም። ነገር ግን በስልክ ያየነው የሰው ኑሮ ልባችንን አሳክሮ ለደላላ ገንዘብ እንድንከፍል የሚያደርገን ከሆነ፣ አላህ ራሳችሁን በእጃችሁ ወደ ጥፋት አትጣሉ ማለቱን እናስታውስ። ታናሽ ወንድምህ እንዲህ ያለ ሐሳብ እንዳለው ካወቅህ ዛሬውኑ አናግረው። እጁን ያዘው። የላይኛው ወለል ሰው አንተ ነህ።

ለዚህ ሳምንት ሦስት ነገር እንያዝ። አንድ፣ ያማረ ነገር ስናይ ማሻአላህ እንበል። ሁለት፣ በእጃችን ያለውን ውኃና ዛፍ፣ በአካባቢያችን ያለውን ወንዝና ደን እንደ አማና እንጠብቅ። ሦስት፣ ለመሰደድ ያሰበ አንድ ሰው እናናግር፤ ከቻልንም በሥራ እንርዳው።

አላህ ሆይ! በሰጠኸን የምናመሰግን፣ ባልሰጠኸን የማንቀና አድርገን። በባሕር ላይ ያሉትን ሁሉ በሰላም ለቤተሰቦቻቸው አብቃ። በውኃ ውስጥ የቀሩትን በእዝነትህ ተቀበላቸው። ለእናቶቻቸው ሶብርን ስጥ። አሚን።

በዚህ በተከበረ ቀን በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሶለዋት ማብዛትን አትርሱ። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።