መሥሪያ ቤት ተዛወረ ማለት ምን ማለት ነው? ከዶዶማ የሚገኝ ትምህርት

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከዋናው ከተማ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወሩ በተባለ ጊዜ የብዙ ሰው አሳብ በሕንፃውና በጠረጴዛው ላይ ያርፋል። ዳሩ ግን የመሥሪያ ቤት ዋናው ነገር ውሳኔ የመስጠት ሥልጣን ነው። ፊርማው በአሮጌው ከተማ ከቀረ ባለጉዳዩም ስንቁን ይዞ የሚሄደው ወደዚያው ነው፤ የአዲሱ ከተማ ነጋዴ፥ አልጋ አከራይና ሥራ ፈላጊ ወጣት ግን ከተስፋ በቀር ያገኙት ነገር አይኖርም። ለዚህም የታንዛኒያ ታሪክ በቂ ምስክር ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዳሬሰላም ጀርመኖች በ1891 የግዛታቸው መቀመጫ ያደረጓት የባሕር ወደብ ናት። በ1973 በፕሬዚዳንት ጁልየስ ኔሬሬ ዘመን፥ ገዢው ፓርቲ ታኑ ዋና ከተማው ወደ ዶዶማ እንዲዛወር ወሰነ። ዶዶማ ከዳሬሰላም 450 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በአገሪቱ መካከል፥ ዝናብ በሚያንስበት በጎጎ ሕዝብ አገር የምትገኝ ከተማ ናት። የውሳኔውም ምክንያት ከየማዕዘኑ ለሚመጣው ሕዝብ መንገዱ እንዲመዛዘን፥ ልማትም በባሕር ዳር ብቻ እንዳይከማች ነበር። ሥራውን የሚመራ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ ዝውውሩ በ10 ዓመት እንዲፈጸም ታቀደ።

ይሁን እንጂ የነዳጅ ዋጋ በመናሩና ከ1978 እስከ 1979 ከኡጋንዳ ጋር በተደረገው ጦርነት ምክንያት ገንዘብ አጠረ። በ1996 ምክር ቤቱ ወደ ዶዶማ ሲሄድ ሚኒስቴሮቹ አልተከተሉትም። ስለዚህ ጉባኤ በተከፈተ ቁጥር ሚኒስትሮችና ጸሐፊዎቻቸው መዝገብ ጭነው ይሄዳሉ፤ ሲዘጋም ይመለሳሉ። የመንገዱም ወጪ የሚከፈለው ከሕዝብ ገንዘብ ነበር።

ነገሩ የተለወጠው በ2016 ነው። ፕሬዚዳንት ጆን ማጉፉሊ መንግሥት ወደ ዶዶማ እንደሚሄድ አስታወቁ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ካሲም ማጃሊዋ በዚያው ዓመት፥ ምክትል ፕሬዚዳንቷ በ2017፥ ፕሬዚዳንቱም ራሳቸው በ2019 ገቡ። በ2018 ዶዶማ በሕግ ዋና ከተማ ተባለች። ከተወሰነበት ቀን ጀምሮ 43 ዓመት ያቃተው ነገር የተንቀሳቀሰው አለቆቹ ቀድመው ሲሄዱ ነው።

በአገራችንም የኦሮሚያ ክልል መንግሥት መቀመጫ በ2000 ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ እንዲዛወር ተወስኖ፥ ብዙ ተቃውሞ ካስነሣ በኋላ በ2005 ወደ አዲስ አበባ ተመልሷል። ሕዝብ ያልመከረበት ዝውውር ሥር እንደማይሰድ ከዚህ እንረዳለን።

እንግዲህ መሥሪያ ቤት የሚቀበል ከተማ ሊያስብባቸው የሚገቡ ነገሮች እነዚህ ናቸው፤

1ኛ/ ወሳኙ ሹም ከመዝገቡ ጋር መምጣቱን ማረጋገጥ። ተላላኪ ብቻ የመጣለት ከተማ የጉዳይ መቀበያ እንጂ የጉዳይ መጨረሻ አይሆንም።

2ኛ/ ለሠራተኛው ቤት፥ ለልጆቹ ትምህርት ቤት፥ ለሕመሙ ሐኪም ማዘጋጀት። ቤተ ሰቡን ትቶ የመጣ ሠራተኛ ዓርብ ሲደርስ ልቡ ከአውቶቡስ ተራ ነው።

3ኛ/ ማዘጋጃ ቤቱ ውሃንና የቤት መሥሪያ ቦታን አስቀድሞ ማደላደል። ይህ ካልሆነ ኪራይ ይንራል፤ ቀድሞ የነበረው ድኻ ተከራይም ለእንግዳው ቦታ ለቅቆ ወደ ከተማው ዳር ይገፋል።

4ኛ/ የአገሩን ወጣቶች ለጽሕፈት፥ ለሒሳብና ለመዝገብ ሥራ ማሠልጠን። አለዚያ የሚደርሳቸው ጥበቃና ጽዳት ብቻ ይሆናል።

መሥሪያ ቤት ወደ ከተማችን ይምጣልን ብሎ መለመን መልካም ነው። ነገር ግን ባለሥልጣኑም ነዋሪውም አብረው ሊጠይቁት የሚገባ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ከዕቃው ጋር ፊርማው ይመጣል ወይ፥ ሲመጣስ ከከተማችን ማን ይጠቀማል፥ ማንስ ይፈናቀላል የሚለው ነው።